ያልተመዘገቡ ጉርሻዎች

1.

አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም።

ጨመረች።

2.

«ማን?» ማለትዎ አይቀርም። ከመሃል መጀመር የዚህ ጽሑፍ አመል ነው፤ ይታገሱት።

ትርሲት ናት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ትኬት ትቆርጣለች። «ቀለል በሉ» በሚባለው የቴሌቪዥን ውድድር ላይ ክብደት ለመቀነስ ከሚፎካከሩት አምስት ሰዎች አንዷ ናት። እስከ መጨረሻው ከዘለቀች ጉልበቷ ይታከምላታል፤ ከተባረረች ወደ ሆስፒታሉ ወረፋ ተመልሳ ስንት ዓመት እንደምትጠብቅ እግዜር ይወቅ። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን የምትወርደው የኋሊት ነው፣ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ።

3.

የእማዋይሽ ሥራ የተወዳዳሪዎቹን የምግብ መዝገብ ማንበብ ነው። ምን በሉ፣ ስንት ሰዓት በሉ፣ ለምን በሉ። ሌላ ሰው ቢሆን በሳምንቱ ይሰለቸው ነበር፤ እሷ ግን ነገር ካልገባት እህል አይወርድላትም። የትርሲትን መዝገብ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ጠዋት ግማሽ ዳቦ። ረፋድ ላይ ሦስት ከረሜላ። ምሳ ትንሽ ሽሮ። ማታ መኮሮኒ፣ በጭልፋ። በዚህ መዝገብ ከሄድን ትርሲትን እስካሁን ነፋስ ይወስዳት ነበር።

ዳይሬክተሩ ይድነቃቸው ነገሩን አሳጠረው፤ ሴትዮዋ ዋሽታለች፣ ቅዳሜ ትሸኛለች አለ። እማዋይሽ አንድ ቀን ስጠኝ ብላ ለመነችው። ሐሙስን ሰጣት።

4.

ሐሙስ። እማዋይሽ ትርሲትን ስትከተል ያየችው፦

ወንበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት።

ውሃ። የለም። ከጠጣች መጸዳጃ ያስኬዳታል፤ መጸዳጃው ከመናኸሪያው ማዶ ነው፤ ኪዮስኩን የሚይዝላት ሰው የለም። አፏ ሲደርቅ ከረሜላ ትመጥጣለች።

የእግረኛ መንገድ። ነበረ። ለቧንቧ ተብሎ ከተቆፈረ ሁለት ዓመቱ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እዚያ ጉድጓድ ለጉድጓድ አይዘልም፤ ታክሲ ይሰለፋል።

ጎመን። የጉሊቷ ሴትዮ ትርሲት ከመድረሷ በፊት ሰብስባ ትገባለች። ክፍት ሆኖ የሚጠብቃት መኮሮኒ የሚሸጠው ሱቅ ነው።

ሰው። ሁለት ጎረቤቶቿ ከስታለች ብለው ደነገጡ። አንዷ ሕመም ካለብሽ አትደብቂን አለቻት።

ምሳ። ከጎረቤት ኪዮስክ ከሚመጡ አራት ባልደረቦቿ ጋር፣ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ በአንድ ትሪ።

እማዋይሽ እዚህ ላይ መጻፉን ትታ መቁጠር ጀመረች።

ዘጠኝ።

5.

(እማዋይሽ በስልኳ የቀዳችው)

እማዋይሽ፦ እትዬ ትርሲት፣ ይሄንን ለምን መዝገቡ ላይ አልጻፍሽውም?

ትርሲት፦ የቱን?

እማዋይሽ፦ ጉርሻውን።

ትርሲት፦ እንዴ፣ ይሄ እኮ እኔ የበላሁት አይደለም። እነሱ ያጎረሱኝ ነው።

እማዋይሽ፦ ሆድሽ ውስጥ ግን ገብቷል።

ትርሲት፦ ሰው በሞቴ ብሎ እጁን ዘርግቶልኝ፣ ያንን እንደ ምግብ ልጻፈው?



እማዋይሽ ቀልድ መስሏት ፊቷን አየች። ቀልድ አልነበረም። ለሌሎቹ አራት ተወዳዳሪዎች ደወለች። እነሱም በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ጉርሻ አልመዘገቡም፤ አንደኛውማ እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል እንዴ ብሎ ተቆጣት። ልዩነቱ፣ አራቱም ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩ ናቸው።

6.

ከትርሲት ጋር የሚኖሩት አማቷ እማማ ዘርትሁን ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እራት ሲቀርብ በግራ እጃቸው ዳስሰው አገጯን ያገኛሉ፣ በቀኛቸው ያጎርሷታል። ጉርሻቸው እንዲህ በቀላሉ አፍ የሚገባ አይደለም። ሐሙስ ማታ እማዋይሽ እዚያው ቤት ትርሲትን ወደ በሩ ሳብ አድርጋ፣ አንድ ቀን እምቢ ብትያቸውስ አለቻት።

«ብያቸው ነበር» አለች ትርሲት። «ባሌን በቀበርን በወሩ። ሁለት ቀን ጦማቸውን ዋሉ። እኔ ካልጎረስኩ እሳቸውም አይቀምሱም።»

 

7.

ሪፖርት

የተወዳዳሪ ስም፦ ትርሲት

ዋሽታለች?፦ አልዋሸችም

የውፍረቱ ምክንያት (በአንድ ቃል)፦ ከጀርባ ይመልከቱ

ከጀርባ አሥራ ሰባት ምክንያት ጻፈች። ወንበሩ አንደኛ፣ መጸዳጃው ሁለተኛ፣ የተቆፈረው መንገድ ሦስተኛ። ጉርሻ አሥራ ሰባተኛ።

8.

ይድነቃቸው አሥራ ሰባተኛውን ብቻ አነበበ።

በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ትርሲት ቅዳሜ አትባረርም፣ ትፈተናለች አለ። አማቷ ስቱዲዮ ይመጣሉ፤ ምንም አይነገራቸውም፤ ካሜራ ፊት ያጎርሷታል። ከጎረሰች ውድድሩም ሕክምናውም ያበቃል። እምቢ ካለች ትቀጥላለች። እማዋይሽ ስለ ወንበሩስ፣ ስለ መጸዳጃውስ ብላ ተከራከረችው።

«ወንበር አያለቅስም» አላት። «ተመልካች የሚያለቅስ ነገር ነው የሚፈልገው።»

እማዋይሽ ደሟ ፈላ። በእሱ ብቻ አይደለም፤ ጠቁማ የሰጠችው እሷው ናት።

9.

እማዋይሽን ይሁኑ።

ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ ይቁሙ። ጉርሻ የሚመዘገብበትን ቅጽ ይያዙ። ትርሲት ከጎረሰች ይጻፉ።

አልሆነም?

ለእሷም አልሆነላትም።

10.

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። እማማ ዘርትሁን ለትርሲት ግብዣ ተደርጎላታል ተብለው፣ ነጭ ለብሰው መጥተዋል። ፊታቸው ትሪ አለ። ትርሲት ከፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ካሜራ፣ ሁለት መቶ ተመልካች። ሁሉም ሕጉን ያውቃል፣ ከእሳቸው በቀር።

አሮጊቷ ጠቀለሉ።

«ምነው ዝም አልሽ? ከሳች እያሉኝ ነው። በሞቴ።»

ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛለች።

የመስታወቱ ክፍል በር ተከፈተ። ይድነቃቸው በማይክሮፎን ተመለሺ እያለ ነው። እማዋይሽ ካሜራዎቹን አልፋ መድረኩ ላይ ወጣች፤ ከትርሲት ጎን ተንበረከከች፤ ፊቷን ወደ አሮጊቷ አስጠጋች።

የእማማ ዘርትሁን ግራ እጅ ባዶውን አየር ዳሰሰ።

አገጭ አገኘ።

11.

ቅጽ፣ ገጽ ሁለት

ጉርሻ፦ አንድ

የጎረሰችው፦ እማዋይሽ