የልዕልቷ ድንኳን

ሐሙስ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ጋሽ እምሩ ወይዘሮ የሺዓለምን ከግቢው በር ወጣ አድርገው ጉዱን ሲነግሯቸው፣ እሳቸው ከምኒልክ አደባባይ ገዝተው የመጡትን የሮዝ ፊኛ እሽግ እንደያዙ ነበር።

«የለተሚካኤል ወንድም ሐዱሽ አርፏል፤ አዲግራት። ለኔ ነው የተደወለው። ነገ ንጋት ላይ ገብተን እናረዳታለን።»

«ወይኔ እህቴን!» አሉ የሺዓለም። ቀጥሎ የመጣባቸውን ሐሳብ ግን ለንስሐ አባታቸውም ደፍረው የሚናገሩት አይመስላቸውም። ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው የዳናይት ልደት ነው።

አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። አምና ልደቷ በጎረቤት ለቅሶ ቀርቶባት፣ ያልተለኮሰ ሻማዋን ታቅፋ አልቅሳ ነበር የተኛችው። ዘንድሮ እናቷ ኢየሩስ አሥራ ሁለት ልጆች ጠርታለች፤ ሴቶቹ ሁሉ ልዕልት ሆነው ይመጣሉ። የግንቦት ዝናብ አይታመንምና የእድሩ ድንኳን ከወዲሁ ግቢው ውስጥ ተተክሏል። የዳናይትን የልዕልት ቀሚስ የምትሰፋውስ ማን ሆነችና? የግድግዳ ጎረቤታቸው፣ ልብስ ሰፊዋ ለተሚካኤል ራሷ።

«ጋሽ እምሩ፣ እሁድ ንጋት ይሁንልኝ» አሉ።

«ወንድሟ ነው እኮ፣ የሺ!»

«መች አጣሁት? ዘመዶቿም እስከዚያ ይደርሳሉ። ለሕፃን ብለው።»

ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «እሺ። ግን ሌላ አፍ እንዳይቀድመን። ስልኳንም፣ እሷንም ጠብቂ። ኃላፊነቱ ያንቺ ነው።»

የሺዓለም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ እስረኛ ሆኑ። በቀጥታ ለተሚካኤል ዘንድ ሄደው «ስልክሽን አውሺኝ፤ የኔው ተበላሽቶ ኢየሩስ ስለ ኬኩ የምትደውልበት አጣች» አሏት።

«ይውሰዱት፣ እትዬ» አለች ለተሚካኤል፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናው መርፌ ሳታነሳ። «ሐዱሽ ከደወለ ብቻ ይጥሩኝ። ሰሞኑን አሞት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሳይደውልልኝ አይውልም።»

የሺዓለም ስልኩን አጥፍተው ደረታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

ዓርብ ሙዝና ብርቱካን ሊገዙ አትክልት ተራ መውረድ ነበረባቸው፤ «ይቅር» አሉ። ከለተሚካኤል ደጃፍ በርጩማ አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ተጎለቱ። ጎረቤት ብቅ ባለ ቁጥር ቀድመው ተነስተው በዓይናቸው ይመልሳሉ። ደግሞ የመጣው ሰው ፊት ላይ አዘኔታ የሚነበብ ይመስላቸዋል። ሽንት ቤት እንኳ የሄዱት እየሮጡ ነው።

«ዛሬስ እንደ ዘበኛ ከደጄ አልነቃነቅ አሉ!» ሳቀች ለተሚካኤል። «ከጨርቁ ትሰርቀኛለች ብለው ነው?»

«ሰፊ ይታመናል እንዴ?» አሉ የሺዓለም። ዓይናቸው ግን ከግቢው በር አልተነቀለም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳኑ በልዕልት ተሞላ። ዳናይት በሮዝ ቀሚሷ፣ የወርቅ ወረቀት ዘውዷን ደፍታ መሀል ላይ ቆመች። ሻማውን እፍ ስትል ከሁሉ አስቀድማ እልል ያለችው ለተሚካኤል ነበረች። የሺዓለም እልልታውን መስማት አቃታቸው። ነገ በዚሁ ድንኳን፣ ከዚሁ ጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ አሁኑኑ ይሰማቸዋል። «በቶሎ ባለቀ» እያሉ የኬክ ሳህን ያድላሉ፤ ለአንዱ ልጅ ሁለቴ፣ ለሌላው ምንም።

አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ እምሩ መጡ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ኬኩን ሳይነኩ አቀርቅረው ቀሩ። ከኋላቸው ሁለት የእድር ሴቶች፣ ልደቱ ያለቀ መስሏቸው፣ ትልልቆቹን ብረት ድስቶች ተሸክመው ገቡ። ልጆቹን ሲያዩ ደንግጠው ቆሙ።

ለተሚካኤል ድስቶቹን አየች። ጋሽ እምሩን አየች። ወደ የሺዓለም ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ ድንኳኑ መቼ ነው የሚነቀለው?»

«ይቆይ ብለን… ዝናቡ…»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለች ለተሚካኤል። «ሐዱሽ አልደወለም።»

የሺዓለም እጃቸው ሳያዙት ደረታቸው ላይ፣ ስልኩ ላይ አረፈ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ» አለች። «አስቁመው እልል አስባሉኝ።»

ሁለት እጇ ወደ አናቷ ተነሣ። ጩኸቱ ከአፏ ሊወጣ ሲል ዳናይት እየሮጠች መጥታ ጉልበቷ ላይ ተጠመጠመች። «ለተይ! ረግጠውብኝ ቀሚሴ ተቀደደ!»

የለተሚካኤል እጆች አየር ላይ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ። ተንበረከከች፤ ሁልጊዜ ቀሚሷ ደረት ላይ የምትሰካውን መርፌ ነቀለች።

«መጀመሪያ ልጆቹ ይውጡ» አለች፣ የሺዓለምን ቀና ብላ ሳታይ።

የሺዓለም ወደ በሩ ሮጡ። የመጣውን ወላጅ ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በሉ ቶሎ ቶሎ» እያሉ ልጆቹን ሸኙ፤ ምን አስቸኮላቸው ብሎ የታዘበም አልጠፋ። አሥራ አንዱ ሄዱ። አንዲት ሰማያዊ ልዕልት ቀረች።

«ኢየሩስ፣ የዚችስ እናት?»

«ደውዬላታለሁ፣ እማዬ። አምስት ኪሎ ላይ መንገድ ተዘጋግቶባታል። ሃያ ደቂቃ ትላለች።»

የሺዓለም ወደ ድንኳኑ መለስ ብለው አዩ። የቀሚሱ ቅዳድ ከተደፈነ ቆይቷል። ለተሚካኤል ግን ጥርሷን ነክሳ፣ የተሰፋውን መልሳ ትሰፋለች። ዳናይት ዘውዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ሳትንቀሳቀስ ቆማላታለች።