ከሱሉልታ የተላከ ዜና

ራቢአ የሱፍን ሰባተኛ ክፍል እያለች እንቅልፍ ያሳጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሟን ጋዜጣ ላይ ማየት። ጉድ በሉ! አባቷ ሱሉልታ ገበያ ዳር ጨርቅ ይሸጣል፤ ቤተሰቡ ከወሎ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ልጅቱ ግን የሱቁን ሥራ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ ዕቃ የተጠቀለለበትን አሮጌ ጋዜጣ ስታነብ ትውላለች።

ነገሩን ያቀጣጠሉት መምህሯ ኢቲቻ ናቸው። በ1957 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እውነተኛ ዜና ጽፎ ያመጣ ተማሪ ካለ በዓርቡ አውቶቡስ አዲስ አበባ ላለው ጋዜጣ እልክለታለሁ አሉ። ታዲያ ማስጠንቀቂያም አከሉበት፤ የሰው ስም የተሳሳተበት ጽሑፍ ካገኙ እዚያው ቀዳደው ይጥሉታል፣ ዳግመኛም ከዚያ ልጅ እጅ ወረቀት አይቀበሉም።

ራቢአ ዜና ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ባለፈው ክረምት ጎርፉ ተማሪ ሊወስድ ሲል አይተው፣ ግንድ በበሬ እየጎተቱ ብቻቸውን የእግር ድልድይ ሠርተዋል። ተማሪው ሁሉ በላዩ ሲያልፍ እንደ አገሩ ወግ “ኦቦ”፣ አቶ እንደ ማለት፣ ይላቸዋል እንጂ ራቢአ ስማቸውን አታውቅም። ደግሞ ፊታቸው የማይፈታ ቁጡ ሰው ናቸው፤ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል? በሌሉበት ሰዓት ቤታቸው ሄዳ የልጃቸውን ሚስት ድንቅቱን ጠየቀች። ግንዱ ከየት መጣ፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ሁሉንም ጻፈች። የሽማግሌውን ስም ስትጠይቃት ድንቅቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ “ገመቹ” አለቻት። ራቢአም “ኦቦ ገመቹ” ብላ ጽፋ እየዘለለች ተመለሰች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

ዓርብ በምሳ ሰዓት ጽሑፏን ለጓደኛዋ ለደጊቱ አነበበችላት። ደጊቱ የአገሩ ልጅ ናት፤ እስክትጨርስ እንኳ ሳትታገስ ሳቋን ለቀቀችው። የሽማግሌው ስም ኩምሳ ነው። የልጅ ሚስት የባሏን አባት ስም በአፏ አትጠራም፣ ነውር ነው፤ የራሷን ስም ታወጣላቸውና ከሴቶቹ ጋር ስታወራ በዚያ ትጠራቸዋለች። ይህን የማያውቅ ማን አለ?

ራቢአ ክው አለች። አውቶቡሱ የሚያልፈው በአስር ሰዓት ነው። ደጊቱ እንዳለቻት አርማው ብትተው ይበቃት ነበር፤ ግን አንዴ ስለተሞኘች የማንም ነገር አልዋጥላት አለ። ስሙን ከባለቤቱ አፍ ካልሰማሁ ብላ ደብተሯን ይዛ እግሬ አውጪኝ አለች።

ኦቦ ኩምሳን ድልድዩ ላይ ጎንበስ ብለው ልጥ ሲያጠብቁ አገኘቻቸው። “አካም ጅርቱ” ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸውና እየተንተባተበች ሁሉንም ተናዘዘች፤ ስማቸውን ገመቹ ብላ እንደጻፈችም ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ቀና አሉ። “ገመቹ ብሎ ማን ነገረሽ?”

ድንቅቱ መሆኗን ስትነግራቸው የያዙትን ልጥ ለቀቁት። ገመቹ በኦሮምኛ ደስታ ያለበት ስም ነው፤ ኦቦ ኩምሳን ደግሞ በዕድሜያቸው ከደስታ ጋር ያገናኛቸው ሰው የለም። ድንቅቱ ቤታቸው ከገባች ሦስት ዓመቷ፣ እሳቸው ግን ትፈራኛለች፣ ምናልባትም ትጠላኛለች ብለው ነበር የሚያስቡት።

“ኩምሳን ያወጣልኝ አባቴ ነው” አሉ በመጨረሻ። “ያኛውን ግን ገና ዛሬ መስማቴ ነው። ሁለቱንም ጻፊ።”

የራቢአ ልብ ቅቤ ጠጣ። እዚያው ድልድዩ ላይ ተቀምጣ አረመችውና ተመልሳ ሮጠች። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሲደርስ መምህር ኢቲቻ ወረቀቱን አንብበው ጨርሰው ነበር፤ ፖስታውን አሽገው ለሾፌሩ ሰጡት።

በሦስተኛው ሳምንት ጋዜጣው መጣ። ሦስተኛ ገጽ ላይ፣ ከታች፣ ስምንት መስመር ብቻ! ራቢአ ሳታርፍ እስከ ወንዙ ማዶ በረረች። ድንቅቱ ደጅ ላይ ገብስ ታበጥር ነበር፤ ማንበብ ስለማትችል ራቢአ ጮክ ብላ አነበበችላት። ድልድዩን የሠሩት ኦቦ ኩምሳ ናቸው፣ በቤታቸው ገመቹ ይባላሉ ይላል። ድንቅቱ ሰፌዱን አስቀምጣ ወደ ጋዜጣው ጠጋ አለች።

“የቱ ጋ ነው?”

“ገመቹ?”

“አይ፣ ያኛው።”

ራቢአ አሳየቻት። ድንቅቱ ሰው እንዳያያት ዙሪያዋን ቃኘች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከዚያም አንድም ቀን በአፏ ያላለችውን ስም በጣቷ ነካችው፤ መጀመሪያ አንዱን ፊደል፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን። ፊቷ ሁሉ ሳቀ።

ራቢአ እየሮጠች ቤቷ ገባችና ጋዜጣውን ለአባቷ ሰጠችው። የሱፍ መነጽሩን አድርጎ ስምንቱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ገልብጦም አየው።

“ያንቺስ ስም የታለ?” አላት።

ራቢአ መፈለግ ትዝ ያላት ገና ያን ጊዜ ነው።