የአይሞቴና የቦንሳ ፍልሚያ

ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ ውሸቴን ግን እስከ ዛሬ እየተማርኩ ነው። ሙሜ ቤት ጫት ልንቅም ለበርጫ ስንሰበሰብ የማወራው ተረት የራሴ ፈጠራ ነው፦ ሞት የማይነካው ጦረኛ አይሞቴና እንደኛው ሟች የሆነው ቦንሳ። ማን ይበረታል ብለን ስድስት ወር ተጨቃጨቅን። ሙሜ ለአይሞቴ፣ ጡረተኛው ወታደር ጋሽ ታደሰ ለቦንሳ ይከራከራሉ።

የዚያን ቀን ግን ለጨዋታ አልመጣሁም። ሚስቴ ሸምሲያ ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል ገብታለች፤ በኦፕሬሽን ልትወልድ ነው፤ ደም የሚሰጥ ሰው አምጣ ተብያለሁ። ችግሩ፣ አምና «መኪና ገጨኝ» ብዬ የበርጫ ጓደኞቼን ሁሉ ሆስፒታል ድረስ አስሩጬ፣ በር ላይ ሙዝ እየላጥኩ ጠብቄያቸዋለሁ።

«ሸምሲያ ደም ያስፈልጋታል» አልኩ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ።

ከቃሚዎቹ አንዱ ነስሮ በሳቅ ፈነዳ። «ወላሂ ዘንድሮም ሙዝ ሊበላብን ነው!»

«ተቀመጥ ባክህ ዑመር» አለ ሙሜ፣ ጫቱን ከእስሩ እየፈታ። «ትናንት አይሞቴ መቶ ጦር እንደተሰካበት ነው የተውከው። ቀጥል።»

ሌላ መንገድ ስላጣሁ ቀጠልኩ። «አይሞቴ መቶውንም ነቅሎ ጣለ። ቦንሳ ግን ቆስሎ ወደቀ። ሁለት ከረጢት ደም ያስፈልገዋል።»

ጋሽ ታደሰ ቀና አሉ። «ስንት?»

«ሁለት፣ ጋሼ።»

«አንተ፣ ከአርባ ያነሰ ቁጥር ካፍህ ወጥቶ አያውቅም እኮ! እውነትህን ነው እንዴ?»

እንባዬ ቀደመኝ።

«ተነሱ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ታደሰ። «እኔን ለዕድሜዬ አይቀበሉኝም፤ እናንተ ገና አልቃማችሁም። ተነሱ!»

በበርጫ ሰዓት እርጥብ ጫት ምንጣፍ ላይ ትቶ የሚነሳ የሐረር ወንድ አይቼ አላውቅም። ሰባት ሰው ተነሳ። በሦስት ባጃጅ ታጭቀን ወደ ሆስፒታል ከነፍን።

«አይሞቴ ቢሆን ደም አይለምንም ነበር» አለ ሙሜ መንገድ ላይ፣ እልሁ አልለቀው ብሎ።

«ለዚህ ነዋ የሚሸነፈው!» አሉት ጋሽ ታደሰ። «ማን ይሮጥለታል?»

ሙሜ ወደ ሾፌሩ ዞሮ «ንዳው!» አለ።

ሙሜና ነስሮ ደም ሰጡ፤ የቀሩት እጅጌያቸውን ሰብስበው ወረፋ ያዙ። አመሻሹ ላይ ነርሷ ወጥታ «ሴት ልጅ ናት፤ እናትየዋም ደህና ናት» አለችን። «አልሐምዱሊላህ» አለ ሙሜ፣ ክንዱ ላይ ጥጡን እንደያዘ።

እየዞርኩ የሁሉንም እጅ ሳምኩ። ጋሽ ታደሰ ግን እጃቸውን ነጥቀውኝ ግንባሬን ሳሙኝ።