ሁለት በር ያለው ሱቅ

ወንድሜ ረጅም ነው፤ ክርክሩም እንደዚያው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሟገትነው በአንድ ነገር ነበር። የሠራነው ጌም ዓይንን ሸፍኖ ጌሙ ውስጥ የቆሙ በሚያስመስለው በቪአር መነጽር ብቻ ይከፈት ወይስ መነጽር የሌለውም ሰው በተራ ኮምፒውተር፣ በማውስና በኪቦርድ ይጫወተው? እኔ ሁለቱም በአንድ ፋይል ውስጥ ይሁኑ ባይ ነኝ። መነጽሩን ያጠለቀ በመነጽሩ፣ ያወለቀ በስክሪኑ፤ ጌሙ ራሱ አውቆ ይቀይር።

“ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም” አለኝ።

“ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” አልኩት።

እናታችን ያሳደገችን በተረትና ምሳሌ ነውና ጥይት አያልቅብንም። በመጨረሻ ግን ተስማማን። ሐሙስ ጠዋት ጌም ከሚያከፋፍል ድርጅት አንዲት ኃላፊ ሊያዩት ይመጣሉ። በእሳቸው ፊት ከመነጽር ወደ ማውስ ቅያሪው ያለ እንከን ከሠራ ሁለቱም ይቀጥላሉ፤ ካልሠራ የማውሱ ወገን ተቆርጦ ይጣላል።

ጌሙ የአባታችን የቁልፍ መቅረጫ ሱቅ ነው። አባባ ካረፈ ሦስት ዓመቱ፤ ሱቁም መንገድ ሲሰፋ ፈርሷል። ወንድሜ ግን አንድ በአንድ መልሶ ሣለው። ጥርሱ ያለቀውን ሞረድ፣ በምስማር ላይ የተሰቀሉትን ያልተቀረጹ ቁልፎች፣ ጎንበስ ያላለውን ሁሉ ግንባሩን የሚገጨውን የቆርቆሮ ጣሪያ ሳይቀር። ተጫዋቹ እዚያ ሆኖ ቁልፍ ለጠፋበት ይቀርጻል፣ ለተቆለፈበት ይከፍታል። ፕሮግራሙ የእኔ ነው። እዚያ ሱቅ ውስጥ እኔ ሳላዝዛት የምትከፈት አንዲት መሳቢያ የለችም።

አሁን ምስጢሬን ስሙ። መነጽሩ ያዞረኛል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሆዴ ይገለበጣል። አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ በሦስተኛው ባልዲ አጠገቤ አስቀመጥኩ፤ ደግ አደረግሁ። ለወንድሜ ትንፍሽ አላልኩም። የቪአር ጌም እየሠራሁ ቪአር ያስመልሰኛል ብዬ መሳቂያ መሆን አልፈለግሁም። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ፍርሃትም ነበረበት። የማውሱ ወገን ከተቆረጠ የአባባ ሱቅ ለአገር ምድሩ ክፍት ሆኖ ለእኔ ብቻ ሊዘጋ ነው።

ታዲያ የመነጽሩን ወገን እንዴት ፈተሽኩት? በዘዴ ነዋ። መነጽሩ ውስጥ፣ በሁለቱ መስታወቶች መካከል፣ ሰው ማጥለቁን የምታይ ትንሽ ዓይን አለች። እሷን በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩና መነጽሩን የወንበሬ መደገፊያ ላይ ሰቀልኩት። ዓይኗ ሲሸፈን ፊት የመጣ ይመስላታል፤ ጌሙም ሰው አለ ብሎ ያምናል። እኔ በስክሪኑ እያየሁ የተጫዋቹን የዓይን ከፍታም መሳቢያውንም አስተካከልኩ። ወንበሩ አላዞረውም፣ አላማረረም፤ እንደሱ ያለ ታጋሽ ተጫዋች አላየሁም። ወንድሜ በዚያ ሳምንት ሥዕሎቹን ለመጨረስ ሲሯሯጥ የመጨረሻውን ፋይል አልሞከረውም። እኔን አምኖ።

ሐሙስ ኃላፊዋ መጡ። አጭር፣ ፈገግታቸው ቅርብ የሆነ ሴት ናቸው። ወንድሜ መነጽሩን አጠለቀላቸው።

“ውይ!” አሉ። “ጣሪያ ላይ ነኝ እንዴ?”

ስክሪኑን አየሁ። የሴትዮዋ ጭንቅላት ቆርቆሮውን በስቶ ወጥቷል። ወዲያው ገባኝ። ከፍታውን የለካሁት በወንበር መደገፊያ ነው፤ ጌሙ ያንን የቆመ ሰው ዓይን አድርጎ ይዞታል። ሰው የምር ሲቆም ከመደገፊያው በላይ ያለው ቁመት ሁሉ ይጨመርበትና ጣሪያ ይበሳል።

“እባክዎ ይቀመጡ” አልኩ ወንበሬን ወደሳቸው እየገፋሁ። “ቁልፍ ቀራጭ ተቀምጦ ነው የሚሠራው።”

ሲቀመጡ ጭንቅላታቸው ወደ ሱቁ ተመለሰ። እንዲያውም ትንሽ ረዘሙ። “እኔ እኮ በዕድሜዬ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ደርሼ አላውቅም!” እያሉ ሦስት ቁልፍ ቀረጹ፣ አንድ የዛገ ሳጥን ከፈቱ። ተረፍኩ አልኩ በልቤ።

ከዚያ መነጽሩን አውልቀው ማውሱን ያዙ። ስክሪኑ ንቅንቅ አላለም። ማውሱን ወዲህ ወሰዱት፣ ወዲያ ወሰዱት፤ ምንም የለም። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ስምምነታችንን ማስታወሱ ነው። መነጽሩን አነሳና ገልብጦ ወደ ውስጥ አጮለቀ።

“ይህን ፕላስተር ማነው የለጠፈው?”

ማንሳቱን ረስቼዋለሁ! ዝም ብል የማውሱ ወገን ይቆረጣል። ብናገር በእንግዳ ፊት ጉዴ ይወጣል።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “ጌሙ አልተሳሳተም፤ ሰው የለበሰው መስሎት ነው። መነጽሩን የሞከርኩት በወንበር ነው። እኔን ያስመልሰኛል። ከሁለት ደቂቃ በላይ አድርጌው አላውቅም።”



ወንድሜ ፕላስተሩን ትቶ እኔን ያይ ጀመር። “ታዲያ አባባ ሱቅ...”

“በማውስ ነው የምገባው። ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ሳልጀምር። ትንሽ ተቀምጬ እወጣለሁ።”

“አንቺ ሞኝ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?” ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ግን መንገድ ላይ አለቀበት። ጎንበስ ብሎ ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠው። ስክሪኑ ብልጭ አለና ሱቁ ለማውሱ ታዘዘ። ኃላፊዋ የማውሱን ጎማ በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ስክሪኑ ውስጥ ያለው የሱቁ ቁልፍ ዞሮ ጠቅ ሲል ሦስታችንም ሰማን።

“ይሄ ያምራል” አሉ። “ጣሪያውን አስተካክሉልኝ እንጂ ሁለቱንም እወስዳለሁ። ለሰው ስናሳየው ግን አንዱን ማስቀደም አለብን። መቼም መነጽሩን ነው የምትሉኝ።”

ወንድሜን አየሁት። ለመነጽሩ ሦስት ሳምንት የተሟገተ ሰው ነው።

“የማውሱ ይቅደም” አለ። “እህቴ በእሱ ነው የምትገባው።”