የሰባት ቤት ፋይል

የጋሼ ሰይፈሥላሴ ኮምፒውተር ሲበላሽ ጥፋቱ የሳቸው ሆኖ አያውቅም። ወይ መብራቱ ነው፣ ወይ ብርዱ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ። አንኮበር ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ደብረ ብርሃን ከልጃቸው ከህሊና ጋር ይኖራሉ። እኔ ሳምሶን እባላለሁ፤ የጫጫ ልጅ ነኝ፤ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረብኝም።

ዓርብ ጠዋት ህሊና ደወለች። ኮምፒውተሩ አፕዴት ላድርግ ብሎ ወድቆ ቀርቷል፤ አባቷም መጽሐፌ ሳይነሣ የእሑዱን ሽማግሌ አልቀበልም ብለዋል። የእሑዱን ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ። ቀኑ የተያዘው በጎረቤት በኩል ስለሆነ፣ ልጃቸውን የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ገና አልተነገራቸውም። ዐቢይ ጾም ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል፤ እሑድ ካመለጠን ነገሩ ወደ ፋሲካ ሊሻገር ነው።

መጽሐፌ የሚሉት የአንኮበርን ሰው የዘር ሐረግ ነው። ለየቤቱ አንድ አንድ ፋይል ከፍተው አሥራ አንድ ዓመት ጽፈውታል። ውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣን ሰው እንኳ የማን ልጅ ነህ ሳይሉ አያሳልፉም። እኔንም መጀመሪያ ፕሪንተር ላስተካክል የሄድኩ ቀን እስከ ቅድመ አያቶቼ አስለፍልፈውኛል፤ እኔ የማላውቀውን እናቴ ጋ አስደውለው ጠየቁ። እዚያ ላይ ነው ጣጣው። የእናቴ አያት የአንኮበር ሰው ነበሩ። ጋሼ ደግሞ እሑድ ሽማግሌ ፊት ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ነው፤ ከሰባት ቤት በታች ከተገናኘን ህሊና እህቴ ናት፤ አለቀ፣ ደቀቀ። ከሰኞ ጀምሮ እህል አልበላልህ ብሎኛል።

ስደርስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ኮምፒውተሩ ፊት ለቅሶ ተቀምጠዋል። ስክሪኑ አፕዴቱ አልተሳካም፣ ወደ ነበርኩበት እየተመለስኩ ነው ይላል፤ ይጠፋል፤ ይነሣና ያንኑ ይላል። ከትናንት ጀምሮ እየተመለስኩ ነው ይለኛል፣ ከሞያሌ ነው እንዴ የሚመጣው አሉኝ። ፍላሽ ላይ ገልብጡት ብዬዎት አልነበረም ወይ ስላቸው ፍላሽ ይጠፋል አሉ። አሁን ማን እንደጠፋ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ አማት ሊሆኑኝ ነው።

ሲነሣ ቁልፉን ይዤ አጠፋሁት። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲደረግ መከራው እንደበዛ ገብቶት የጥገና ገጹን ያወጣል። አወጣ። እንግሊዝኛ ነው። አንዱ መስመር የመጨረሻውን አፕዴት አውጣ ይላል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉንም አጥፍተህ እንደ አዲስ ጀምር ይላል።

ጋሼ አንገታቸውን አሰገጉና ምን ይላል አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ጣቴ ሁለተኛው ላይ ቆመ። አንዴ ብጫን ፋይል የለም፣ ቆጠራ የለም። ጠፋ ብዬ ራሴን ብነቀንቅ ማን ይጠይቀኛል? አንድ ወር ያዝናሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ይረሱታል። ቢያንስ እህትህ ናት የሚለኝ ሰው አይኖርም። ከዚያ እጃቸውን አየሁት። በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ አሥራ አንድ ዓመት በሁለት ጣት አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ። አፈርኩ። አፕዴቱን ላውጣው ወይ ነው የሚለው አልኳቸውና የመጀመሪያውን ተጫንኩ።

ሩብ ሰዓት ፈጀና ተነሣ። ፋይሎቹ እንዳሉ አሉ። ለምን እንደወደቀ ላይ ታች ስል ዓይኔ ጥግ ላይ ያለው ቀን ላይ አረፈ። 2017 ይላል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሰውየው የኮምፒውተሩን ቀን በእጃቸው ወደ እኛ ዓመት መልሰውታል፤ ሰዓቱንም እንደዚያው። ለማሽኑ አፕዴቱ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚወለድ ነገር ነው፤ እንዴት አድርጎ ይቀበለው? ይሄን ማን አደረገው ብዬ ጮህኩ።

እኔ ነኝ አሉ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። የአገሬን ዘር ስጽፍ በሰው ዓመት አልጽፍም አሉ። ወሩ ባለቀ ቁጥር ራሳቸው ያስተካክሉታል። ለማሽኑ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ቀን ስለሆነ፣ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን ምን እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው እነዚያን ቀናት አልጽፍም አሉ። ጳጉሜንስ ብላቸው፣ "በጳጉሜን ጠበል እጠመቃለሁ" አሉኝ። ከሳቸው ጋር ክርክር የሚገጥም ቢኖር ሞኝ ነው።

እያጉረመረምኩ ቀኑን አስተካከልኩና ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። የገብረአብ ቤት፣ የቴዎፍሎስ ቤት፣ እያለ ሲወርድ መሃል ላይ አንዱ "ሳምሶንና ህሊና" ይላል። ህሊና በር ላይ ቆማለች፤ እሷም ፊቴን አይታ ደነገጠች። ከፈትኩት። ባንድ ወገን የኔ፣ ባንድ ወገን የሷ ሐረግ ወደ ላይ ይሄድና ወይዘሮ ፀደንያ የሚባሉ ሴት ላይ ይገናኛል። ከሥሩ አንድ መስመር አለ፦ "በስምንተኛው ቤት። ይቻላል።" ከዚያ ዝቅ ብሎ "ልጆች" ይላል፤ ቦታው ባዶ ነው።

የተጻፈበትን ቀን አየሁ። በዚያ በተበላሸው አቆጣጠራቸው ኅዳር 12፣ 2016። እኔ የህሊናን ስልክ እንኳ የጠየቅኩት በጥር ነው።

"ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?"

"ለአንድ የፕሪንተር ገመድ አራት ቀን የሚመላለስ ጠጋኝ አይቼ አላውቅም።"

እኔ ሳልጠይቃት አባቷ ቆጥረው ጨርሰዋል። ህሊና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም። ታዲያ እሑድ እቆጥራለሁ ማለት ምን ነበር ብዬ ተቆጣሁ፤ ስንት ቀን እህል አልበላሁም እኮ።

"የእሑዱ ለሽማግሌዎቹ ነው" አሉ። "እኔን አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ እሱንም ዛሬ አየሁት። ሁለተኛው መስመር ምን እንደሚል ግን አልነገርከኝም።"

ያን ጊዜ ነው ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት እንግሊዝኛ ትዝ ያለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም በል አሉኝና ወደ ስክሪኑ ጥግ ጠቆሙ።

"ዓመቱን መልስልኝ።"

"ይበላሻል እኮ፣ ጋሼ።"

"ይበላሽ። ከእንግዲህ ጠጋኝ ከቤቴ አይጠፋም።"

መለስኩት።