የእናናዬ ድመትና አሥራ ሁለተኛው ብልት

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ደባርቅ ውስጥ አይጥ የእናናዬን ጎታ ከሥሩ ቀዶ ገብሷን ሲፈጀው፣ ወንድሟ ላቀው ከኮሶዬ በጭነት መኪና ድመት ሊልክላት ቃል ገባ። እናናዬ ግን ንስሐ አባቷን ሳታማክር ዶሮ እንኳ የማትገዛ ሴት ናት። በአጥር ወደሚዋሰኗት ወደ አባ ወልደ ገብርኤል ሄደች።

አባ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በጾም ስማቸው እስከ ዳባት የተሰማ ካህን ናቸው። የድመቱን ነገር ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ ድመት ከማስገባትሽ በፊት አስቢበት። ሁዳዴ በሳምንቱ ይገባል። ወተት የለ፣ ሥጋ የለ፤ ሃምሳ አምስት ቀን ምን ልትበላ ነው?»

«አይጥ ትብላ እንጂ አባቴ። እሷን ማን ጹሚ አላት?»

«አይጡስ ሲያልቅ? ድመት ደግሞ አጥር አታውቅም። የሰው ቤት ትገባለች፣ የሰው ድስት ትከፍታለች...»

«ከእርስዎ ቤት ሽሮ ቢጎድል እኔ እተካለሁ።»

አባ መስቀላቸውን አሳልመው ሸኟት።

ድመቲቱ መጣች፤ አይጡም በሁለት ሳምንት አለቀ። ጾሙ ሲጋመስ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የጎን አጥንቱ ሲቆጠር፣ የእናናዬ ድመት ግን እንደ ሙክት ሰባች። «ባዶ ሽሮ እንዲህ ያወፍራል እንዴ?» እያለች እናናዬ ትገረም ነበር።

በደብረ ዘይት ማግስት ገበያነሽ ከዳባት መጣች። ልጇ የእናናዬን ልጅ አልጣሽን አጭቷል፤ ሠርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ነውና ነገሩን ልትጨርስ ነው የመጣችው። ተልባ ፍትፍት ቀርቦ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንዳነሣች፣ ድመቲቱ እየተጎማለለች ገብታ በአፏ የያዘችውን ከእግሯ ሥር አኖረችላት።

የዶሮ እግር ነበር። ቀይ ወጥ የለበሰ፣ ገና እንፋሎቱ ያልበረደ።

ገበያነሽ ጉርሻውን ወደ ገበታው መለሰችው።

«ማርያምን፣ ከእኔ ቤት አይደለም» አለች እናናዬ።

«ድመት ወጥ አትሠራም እመት እናናዬ። ጾም ከሚሻርበት ቤት ምራት አልወስድም።» ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

እናናዬ ያላት አንድ መላ ነበር፦ «ንስሐ አባቴ ይመስክሩልኝ» ብላ የገበያነሽን እጅ ይዛ ወጣች። በአጥሩ ቀዳዳ በኩል የወጥ ጠብታ መሬት ላይ አየች። በአባ ደጃፍም አየች። ‹ድመት አይደለች፣ በዚህም አልፋ ይሆናላ› አለች ለራሷ።

በሩ ገርበብ ብሏል። አባ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ድስት ላይ አጎንብሰው፣ በማማሰያ እያገላበጡ ይቆጥራሉ። «ዘጠኝ... አሥር... አሥራ አንድ።» እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

ድመቲቱ በእናናዬ እግር መሐል ሾልካ ገብታ፣ ከአባ ጎን፣ በለመደችው ቦታዋ ቁጢጥ አለች።

እናናዬ አምና ወተት የነካ ማንኪያ ብትልስ አርባ ስግደት የጣሉባት እኒህ ሰው ናቸው። አባ ዘወር ሲሉ ሁለቱን ሴቶች አዩ፤ ማማሰያው በእጃቸው እንዳለ ቀረ።

«ነግሬሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አጥር አታውቅም ብዬሽ ነበር።»

ሁለቱ ሴቶች ወደ እናናዬ ገበታ ተመለሱ። ገበያነሽ እጇን ዳግመኛ ታጠበች፤ የተወችውን ጉርሻ አንሥታ ጎረሰች፤ አላመጠች፤ ዋጠች።

«ሠርጉ እንዳልነው ለዳግማ ትንሣኤ ነው» አለች። ሁለተኛውን ጉርሻ እያነሣች ደግሞ፦ «ይች ድመት ስትወልድ አንዷን ለእኔ አስቀሪልኝ። ዳባት የእኔም ጎረቤት ቄስ ናቸው።»