አሥር ቆርኪ በአንድ ሽቦ

ካርቶኑ ከማዳም ጃንዳርክ እጅ ተወርውሮ የወጥ ቤቱን ግድግዳ መታና ሦስት መቶ ቆርኪ ወለሉ ላይ ተበተነ። መቅደላዊት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ዞር ከማለቷ ማስመሪያው ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው አንገቷን አገኛት፤ ሦስተኛው ጆሮዋን ጨረፋት።

"አዋረድሽኝ!" ጮኸች ማዳም። "በሠላሳ መምህር ፊት አዋረድሽኝ! ያኒ፣ እንግዲህ ሆን ብለሽ ነው?"

"ምን አጠፋሁ ማዳም?"

"ልጁን ስምንትና አምስት ስንት ነው ስለው ቆርኪ ይዞ ያፈጥብኛል! ይሄን ቆሻሻ የሠራሽልኝ አንቺ አይደለሽ?"

መቅደላዊት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቢላዋውን ወደ ማጠቢያው መወርወር ነበር። ቢላ የያዘች ሠራተኛ ፖሊስ ቢጠራባት ማን ይመሰክርላታል? ከዚያ ጭንቅላቷን በሁለት ክንዷ ሸፍና የቀረውን ተቀበለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የ1990 ነሐሴ ነው። ሊባኖስ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ልትጀምር ስለሆነ መምህራኑ ክረምቱን ሥልጠና ገብተዋል፤ "ስታጅ" ይሉታል። ክረምት ማለት ለእነሱ ላብ ነው፤ ዝናብ የሚባል ነገር የለውም። ማዳም ጃንዳርክ ቤይሩት ዳር፣ ባውሽሪዬ ውስጥ ባለ የግል ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ሃያ ዓመት ሙሉ በጩኸትና በማስመሪያ ስታስተምር ኖራ፣ አሁን ድንገት "ጩኸት የለም፣ ማስመሪያ የለም፣ ልጁ በእጁ እየነካ ይማር" አሏት። ሥልጠናውን የምትመራው መነኩሲት ናት፤ ሁሉም "ማሴር"፣ እህቴ፣ ነው የሚላት። የማሳያ ትምህርት አስተምሮ ያላለፈ መምህር በጥቅምት ክፍል እንደማይገባ ማሴር ቁርጡን ተናግራለች።

መቅደላዊትስ ማን ናት? ለማዳም ማጊ ናት፣ ሠራተኛዋ። ለሐይቅ ከተማ ልጆች ግን ቲቸር ናት። ደሴ ተመርቃ ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። አባቷ ሲታመሙ ለማሳከሚያ ገንዘብ ብላ የሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ መጣች፤ ፈቃዱም ኮንትራቱም አልቋል ማለት ይቻላል። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ሸዋንግዛው በሰኔ የላኩላት ደብዳቤ አጭር ነበር፤ "መስከረም ካልደረስሽ ቦታሽን ለሌላ መስጠቴ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።" ፓስፖርቷ ግን ሳሎን ባለው የቡፌ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ በማዳም አንገት ተንጠልጥሏል። "ስታጁን ልለፍ እንጂ ፓስፖርትሽንም ቲኬትሽንም እሰጥሻለሁ" ብላታለች ማዳም፣ በማርያም ምላ።

ታዲያ ማዳም በየምሽቱ ከወረቀትና ከሙጫ ጋር ስትታገል ሲያዩ ዝም ይባላል? አይ የመምህር ነገር! መቅደላዊት ከየሱቁ ቆርኪ ለቀመች፣ በምስማር በሳች፣ አሥር አሥሩን በሽቦ ሰካች። ነጠላ ቆርኪ አንድ ነው፤ አንድ ሽቦ አሥር ነው። አገር ቤት በክረምት ሥልጠና ላይ ይቺ ሽቦ ሁለት ጊዜ አስጨብጭባላታለች። ማዳም "ትሬ ቢያን!" ብላ አደነቀችና እኔ ሠራሁት ብላ ወስዳ አቀረበችው። አጠቃቀሙን ግን አልጠየቀችም። ሠራተኛን መጠየቅ እንዴት ተደርጎ!

"ምንድነው ጩኸቱ?" ሙስዮ ቡትሮስ፣ ባሏ፣ በካናቴራ ብቻ ከሳሎን ብቅ አለ።

"ማሴር አላለፍሽም አለችኝ። ሐሙስ አንድ ዕድል ሰጥታኛለች።"

"ሃያ ዓመት አስተምረሽ ቆርኪ መቁጠር አቃተሽ?"

በጥፊ መታት። ሳይናደድ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነው የመታት፤ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። ማዳም ጉንጯን ይዛ ትንሽ ቆመች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? ማስመሪያውን ከወለሉ አነሳችና ወደ መቅደላዊት ዞረች። ያን ቀን ክንዷ እስኪዝል ድረስ አላቆመችም።

ቤቱ ምድር ቤት ነው። የወጥ ቤቱ መስኮት በብረት የታጠረ ሆኖ በቀጥታ መንገዱ ላይ ይከፈታል። በማግስቱ ጠዋት ማዳም ስትወጣ እትዬ አበበች ባልዲያቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ቆሙ። ከአሠሪያቸው ወጥተው፣ ከሦስት ሴቶች ጋር ክፍል ተከራይተው፣ የሰፈሩን ፎቆች ደረጃ እያጠቡ የሚኖሩ ሴት ናቸው።

"በስመ አብ! አንገትሽን ምን በላው?"

"ማስመሪያ።"

"እጇን ይቁረጠው! በይ ማታ ቆሻሻ ልጣል ብለሽ ውጪ። አምስተኛ ሆነሽ ትተኛለሽ፣ ጠባብ ነው እንጂ ዱላ የለበትም። ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ፓስፖርቴን ነዋ፣ እትዬ።"

"ፓስፖርት! እኔ ይኸው አራት ዓመቴ ያለ ፓስፖርት። ሞትኩ?"

"እርስዎን የሚጠብቅዎ ክፍል የለም። እኔን መስከረም ላይ ስልሳ ሁለት ልጅ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ነው የቀረው፤ ነገ ካለፈች ትሰጠኛለች።"

"ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ መቅዲ።" እትዬ አበበች ባልዲያቸውን አነሱ። ደግሞ ትዝ ብሏቸው ሳቁ። "ስልሳ ሁለት ልጅ! ለመሆኑ አንቺስ አትመቻቸውም ነበር? መምህርና ዱላ መቼ ይለያያሉ?"

መቅደላዊት አልሳቀችም።

ሐይቅ ሳለች ታጁዲን የሚባል ተማሪ ነበራት። ሰባትና ስድስት አሥራ ሁለት ነው አላት፣ ሦስት ጊዜ። "ጣትህን ሰብስብ" አለችው። አምስት ጣቱን ገጥሞ ወደ ላይ ዘረጋላት፤ በማስመሪያው ስለት መታችው። ትንሿ ጣቱ ቀጭ አለች። ልጁ አልጮኸም፤ አፉን ከፍቶ ብቻ አያት። በማግስቱ አባቱ አባጀበል እጁን በጨርቅ የታሰረውን ልጅ ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። "ምን ሆኖብኝ ነው?" ሲሉ፣ ታጁዲን መሬት መሬት እያየ "ከአህያ ወድቄ ነው" አለ። አባጀበል አህያ የላቸውም። እሷም ታውቃለች፣ ጋሽ ሸዋንግዛውም ያውቃሉ፣ አባትዬውማ እንዴት አያውቁ! እሷ ጠመኔዋን ይዛ ዝም አለች፤ በልቧም ተመስገን አለች። ከዚያ በኋላ መማታቷን ተወች? አልተወችም። በጠፍጣፋው በኩል መምታት ጀመረች እንጂ።

ያን ረቡዕ ከሰዓት ማዳም ከሥልጠናው ተመልሳ ካርቶኑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

"ማጊ፣ ነይ። እዚህ ተቀመጪ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ የጠረገችው ወንበር ላይ መቅደላዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። ሙስዮ ቡትሮስ ከሶፋው ላይ አንገቱን አዙሮ አያቸው።

"አሳዪኝ" አለች ማዳም ቀስ ብላ። "ከመጀመሪያው።"

"ስምንት ነጠላ ያስቀምጡ። አምስት ይጨምሩ። አሁን አይቁጠሩ፤ አሥር የሚሞላ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ።"

"አለ።"

"እንግዲያው አሥሩን ይመልሱና አንድ ሽቦ ይውሰዱ። ስንት ቀረ?"

"ሦስት።"

"አንድ ሽቦና ሦስት። በቃ! ልጁ ይቺን በእጁ ከለወጠ አይረሳም።"

አንድ ሰዓት እንዲህ ሄዱ። የመቅደላዊት ድምፅ እየጠራ መጣ፤ ጀርባዋ ቀና አለ፤ ማስመሪያውን መቼ ከጠረጴዛው እንዳነሳችው ራሷም አታውቅም። አሥራ ሰባትና ስድስት ላይ ማዳም ሽቦውን ረሳች። ደግማ ረሳች። ሦስተኛ ጊዜ ነጠላ ቆርኪ ልትቆጥር እጇን ስትዘረጋ፣ ማስመሪያው ጣቶቿ ላይ ጧ አለ።

"አስቢ እንጂ አንቺ!" አለች መቅደላዊት በአማርኛ።

መቅደላዊት ማስመሪያውን አየችው፤ የገዛ እጇንም አየችው። በጠፍጣፋው በኩል ነበር የመታችው። ወየው ጉዴ!

መጀመሪያ የተሰማው የሙስዮ ቡትሮስ ሳቅ ነው። "ሠራተኛዋ መምህሯን ገረፈቻት! ወላሂ ለማሴር ልንገራት!" እያለ ጭኑን እየመታ ሳቀ፤ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

"ይቅርታ ማዳም፣ ፓርዶን፣ ሳላስበው ነው" አለች መቅደላዊት ከወንበሩ ተነስታ።

ማዳም አልጮኸችም። ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች፣ ወደ ቡፌው ሄደች፣ መሳቢያውን ከፈተች። ፓስፖርቱ ከሠርግ አልበሙ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

"ማለሽ፣ ምንም አይደለም" አለች ለስላሳ በሆነ ድምፅ። "ጥሩ አስተማሪ ነሽ። ነይ ውሰጂው።"

መቅደላዊት ቀረበች፤ ቀኝ እጇን ሰደደች። ጣቶቿ ሽፋኑን ሲነኩ ማዳም መሳቢያውን በሁለት እጇና በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው። አጥንት ቀጭ አለ። መቅደላዊት ያን ድምፅ ታውቀዋለች። እጇን ልታወጣ ስትታገል ማዳም መሳቢያውን ስባ ደግማ ዘጋችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትዘጋው በጥርሷ መካከል "በእኔ ቤት! በባሌ ፊት!" ትል ነበር። የመቅደላዊት ጩኸት በመስኮቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ደረሰ። ሙስዮ ቡትሮስ ሳቁን አቁሞ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ።

"ኸላስ፣ በቃ" አለች ማዳም በመጨረሻ። ላብ በላብ ሆናለች። ፓስፖርቱን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ነገ ካርቶኑን በግራሽ ተሸክመሽ ትከተይኛለሽ። ሰው ከጠየቀሽ ከደረጃ ወደቅሁ ትያለሽ። ካለፍሁ እዚያው እሰጥሻለሁ። ካላለፍሁ ግን እቀደዋለሁ፣ በማርያም እምልልሻለሁ እቀደዋለሁ!"

መቅደላዊት ወጥ ቤት ገብታ እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ጣት ጠቁሯል፤ ትንሿ ወደ ጎን ዞራለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እሷ ግን ማልቀሱን ትታ የቆርኪዎቹን ሽቦ መቁጠር ያዘች፤ ነገ እንዳይጎድል።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ በመምህራን ተሞልቷል፤ የጣሪያው ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው ሙቅ አየር ብቻ ነው። ከፊት ለፊት ከሰፈሩ የተሰበሰቡ አሥር ሕፃናት ተቀምጠዋል። መቅደላዊት ቀኝ እጇን በፎጣ ጠቅልላ ሽርጧ ሥር ደብቃ፣ በግራዋ በየልጁ ፊት ቆርኪና ሽቦ አስቀመጠች። ከዚያ በሩ አጠገብ ቆመች። ከአጠገቧ ባለው ወንበር ላይ የማዳም ቦርሳ አለ፤ ዚፑ በደንብ አልተዘጋም፣ የፓስፖርቱ ጫፍ ይታያል።

ማዳም አስተማረች። እውነቱን መናገር ነው፣ ጥሩ አድርጋ አስተማረች! "አሥር የሚሞላ አለ ወይ?" ብላ ጠየቀች፤ ጠብቃ ቆመች፤ አልጮኸችም። አንዲት ፀጉሯ የተጎነጎነ ልጅ አሥር ቆርኪዋን መልሳ ሽቦዋን ስታነሳ ዓይኗ በራ። "አንድ ሽቦና ሦስት! አሥራ ሦስት!" ብላ ጮኸች። ለዚያች ቅጽበት መቅደላዊት እጇን ረሳችው። ሐይቅ ያለው ክፍሏ፣ የተሰነጠቀው ጥቁር ሰሌዳዋ፣ ሁሉም ፊቷ ድቅን አለባት። ልጆቼ፣ ደረስኩላችሁ አለች በልቧ።

መምህራኑ አጨበጨቡ። ማሴር መነጽሯን አስተካክላ ቅጹን አወጣች፣ ብዕሯን ከፈተች። ልትፈርም ስትል ግን ወደ በሩ አየች።

"አንቺ ልጄ፣ ሁሉንም ነገር በግራሽ ስታስቀምጪ አየሁሽ። እስቲ ቅረቢ። እጅሽን ምን ሆንሽ?"

መቅደላዊት ቀረበች። መነኩሲቷ ፎጣውን ራሷ ፈታችው። ከፊት ወንበር የተቀመጡት መምህራን ትንፋሻቸውን ዋጡ።

"ያ አድራ፣ እመቤቴ!" አለች ማሴር። "ምን አገኘሽ?"

ቃሉ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ነበር። "ከደረጃ ወድቄ ነው፣ ማሴር።"

ማሴር ጣቶቹን አገላብጣ አየች። ወደ ማዳም ጃንዳርክም አየች። ከዚያ ትከሻዋን ቀስ አድርጋ ነቅንቃ ወደ ቅጹ አጎነበሰች። ሌላ ምን ታድርግ፣ ልጅቷ ራሷ ወደቅሁ ካለች?

ያን ጊዜ መቅደላዊት ቀና ስትል የማዳምን ፊት አየችው። ማዳም ጠመኔዋን በጣቶቿ እንደያዘች ዓይኗን ጨፍና የታመቀ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ተመስገን ትላለች። መቅደላዊት የራሷን ፊት ታጁዲን በዋሸላት ቀን አላየችውም ነበር። መስታወት አልነበራትም። ይኸው ዛሬ አየችው። ያ የሰባት ዓመት ልጅ መሬት መሬት እያየ ከአህያ ወደቅሁ ሲል፣ ከፊቱ የቆመችው ሴት ይህችን ትመስል ነበር።

የማሴር ብዕር ወረቀቱን ነካ። ቦርሳው እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ የፓስፖርቱ ጫፍ አሁንም ይታያል። ሁለት እርምጃ ነው።

"ማሴር" አለች መቅደላዊት።

መነኩሲቷ ቀና አለች። ማዳም ዓይኗን ገለጠች።

"የማዳም ቤት ምድር ቤት ነው" አለች መቅደላዊት፣ ክፍል ውስጥ በምትናገርበት በዚያ በጠራ ድምፅዋ። "ደረጃ የለውም።"